መጣ እስክል አታብሩ

ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ፎቶግራፍ የሚወዱ ሰዎች በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ አለ። ባለፈው ኅዳር በዚያ አዳራሽ ሰው ሳቀብኝ። ሳቁ ጨዋ ነበር፤ የተማረ ሰው ሳቅ፣ በእጅ ጀርባ ተሸፍኖ የሚሳቅ። አጥርቼ የማስታውሰውም ለዚህ ነው። የባለጌ ሳቅ ቢሆን ኖሮ ንቄው እወጣ ነበር።

የዕለቱ ተናጋሪ የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ዛሬ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። ያንን ወንበር እኔም ጠይቄው ነበር። ማመልከቻዬን ሳስገባ የተሰጠኝ መልስ «እንመለከተዋለን» የሚል ነበር። ሲመለከቱት ከርመው ወንበሩን ለእሱ ሰጡት፤ እኔም የጡረታ ጊዜዬን ሳልጠብቅ ለቀቅኩ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

ያን ዕለት የሌሊት ሰማይ ፎቶዎቹን እያሳየን ነበር። ተማሪዎቹን ከላምበረት በአውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ መብራት ወደሌለበት ሜዳ እንደሚወስዳቸው ነገረን። ፎቶዎቹ ጥሩ ነበሩ፤ ይህን መካድ አልችልም። ከዚያ ግን መነጽሩን አስተካክሎ እንዲህ አለ፦ «አዲስ አበባ ላይ ከጨረቃ በቀር የሚነሳ ነገር የለም። ሰማይ የፈለገ ከተማውን ይልቀቅ።»

እጄን አወጣሁ። ሰማዩን የሚሸፍነው ከተማው ሳይሆን አምፖሉ እንደሆነ ተናገርኩ። መብራት በጠፋበት ምሽት ከቦሌ ቡልቡላ፣ ከገዛ በረንዳዬ ላይ፣ ኦርዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን የጋዝ ደመና በአሥራ አምስት ሰከንድ ብርሃን መያዝ እንደሚቻል አስረዳሁ። ስሌቱንም በቃሌ ተናገርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ። ትዕግሥቱ ራሱ ስድብ ነበር።

«ዶክተር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እርስዎ የሌሊት ሰማይ አንስተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ሌላስ ፎቶ? የልደት፣ የሰርግ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው የእርስዎ ሰማይ ያለው ወረቀት ላይ ነው ማለት ነው።»

ያኔ ነው የተሳቀው። እሱ ግን ቸር መምሰል ስለሚወድ በዚያ አላበቃም። «በሚቀጥለው ስብሰባ ፎቶውን ይዘው ይምጡና በዚህ ስክሪን ላይ ሁላችንም እናየዋለን» አለ፤ ለሕፃን ከረሜላ እንደሚሰጥ ሰው።

«ይዤ እመጣለሁ» አልኩ።

ሌንስ ብርሃንን እንዴት እንደሚሰበስብ እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሥዕሉን ከሌንሱ በየትኛው ወገን መሳል እንዳለበት ደጋግሞ የተሳሳተና እኔ ደጋግሜ ያረምኩት ልጅ ነበር። አሁን የሚያሰጋኝ ነገር ግልጽ ነው፤ ፎቶውን ይዤ ካልሄድኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ነገር ወረቀት ብቻ እንደሆነ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የፈረምኩለት እሆናለሁ።

ካሜራውን ሥራ ከለወጠ የሰርግ ፎቶ አንሺ ላይ ገዛሁት። በካርዱ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሙሽራ ኬክ ስትቆርስ ተገኘች፤ ፈገግታዋ ብዙ ነበር። ቦታ ስለምፈልግ ደመሰስኳት። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና አንድ ሰፊ ሌንስም አብረው መጡ።

ስለ ሌንስ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ካሜራው ከየት እንደሚበራ ግን አላውቅም ነበር። ቁልፉን ለማግኘት የፈጀብኝን ጊዜ እዚህ አልጽፈውም። አንድን ነገር በቀመር ማወቅና በጣት ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በዚያ ሳምንት ጣቶቼ አስረዱኝ። አስረጂ ስለማልወድ በማለዳ እየተነሳሁ ተለማመድኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም ቁልፍ አገኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ ፈለግኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜም መብራት አልጠፋ አለ። ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ሩዝ ስቀቅል ሲጠፋ፣ ቀሚስ ስተኩስ ሲጠፋ፣ የምርምር ጽሑፍ ልልክ ጣቴን ሳነሳ ሲጠፋ የኖረ መብራት፣ ካሜራዬን በረንዳ ላይ ከተከልኩ በኋላ እንደ ጨዋ ሰው በየምሽቱ ሰዓቱን አክብሮ ሲበራ ያመሽ ጀመር።

ከእኔ በታች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባንክ የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ። ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፤ ልምምዱንም ዕቃ ስታጥብ ታደርገዋለች። እስከዚያ ምሽት ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፤ ሰላምታውም የእሷ ነበር። ልብስ ልታነሳ በረንዳዋ ላይ ወጥታ ቀና አለችና አየችኝ።

«ዶክተር፣ ምን እየጠበቁ ነው? እዚያ ተተክለው ሲያመሹ ሰፈሩ ሁሉ እያየዎት ነው እኮ። ሰው አለ እንዴ?»

«መብራት እስኪጠፋ እየጠበቅኩ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«እንዲጠፋ እፈልጋለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል።»

«በኢየሱስ ስም!» አንሶላውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ዶክተር፣ ፍሪዘሬ ሙሉ ሥጋ ነው! እንዲህ ያለ ነገር አይመኙ!»

«ምኞት መብራት አያጠፋም።»

«ያጠፋል እንጂ! ደግሞ የእርስዎ ምኞት! እኔ እንዳይጠፋ እጸልያለሁ፤ ነገርኩዎት።»

«ጸልዪ።»

«እጸልያለሁ ስልዎ! የማን እንደሚሰማ እናያለን።»

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ወደ ላይ ትጮህ ነበር፦ «ዶክተር! አለ አይደል?» «አለ» እላለሁ። «ክብር ለጌታ!» ትላለች። ስብሰባው እየቀረበ ነበር፤ እሷም በየምሽቱ ታሸንፈኝ ነበር።

ታኅሣሥ ከገባ በኋላ አንድ ምሽት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ፣ ጠፋ።

መጀመሪያ የጠፋው ድምፅ ነው። የማቀዝቀዣዬ እንጉርጉሮ ተቆረጠ፤ ከየቤቱ ይሰማ የነበረው የቴሌቪዥን ጭውውት በአንድ ጊዜ አፉ ተያዘ። ማዶ ያለው ብሎክ ተዋጠ፤ ከእሱ ጀርባ ያለው ብሎክም ተዋጠ። ልጆች በየደረጃው «ጠፋ!» እያሉ ጮኹ። ከታች ደግሞ አንድ የማውቀው ድምፅ «ዶክተር! ደስ አለዎት?» አለ።

እኔ ሰማዩን እያየሁ ነበር።

ኦርዮንን በመጽሐፍ ለሚያውቀው ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። መጽሐፎቹ የተሣሉት በሰሜን አገር ነው፤ በእነሱ ላይ ኦርዮን እንደ አዳኝ ሰው ተሥሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከመቀነቱ በታች ሰይፉ ይንጠለጠላል፤ ደመናውም ያለው ከሰይፉ ላይ ነው። እዚህ፣ ለምድር ወገብ በቀረበው ሰማያችን ላይ፣ ሲወጣ አይቆምም። ጭንቅላቱን ወደ ሰሜን እግሩን ወደ ደቡብ አድርጎ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ ከማዶው ብሎክ ጣሪያ በላይ ብቅ ይላል። ስለዚህ ደመናውን ከመቀነቱ በስተቀኝ ነው የፈለግኩት፤ በቦታውም አገኘሁት። በዓይን ሲታይ ትንሽ የተድበሰበሰ ኮከብ ነው፤ መነጽሩን መጥረግ የሚያሰኝ። እዚያ እንዳለ ሁልጊዜ አውቅ ነበር። አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ የዘይት ጠብታዎች ክምር ሆነ። ሌንሱ ላይ ለሩቅ ነገር የተቀመጠ ምልክት አለ፤ በምልክቱ ላይ ልክ ገጥሜው ነበር። ከኮከብ የራቀ ነገር እንደሌለ በየዓመቱ ለአዳዲስ ተማሪዎች ስናገር ኖሬአለሁ፤ የሌንሱ ምልክት ግን ከእውነቱ ትንሽ ያለፈ ነበር። በአዳኙ እግር ላይ ያለውን ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልቼ፣ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ቀለበቱን በጥቂት በጥቂቱ መለስኩት። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ኮከቦቹ ሁሉ ጭራ አወጡ፤ ቁልፉን ስጫን ጣቴ ካሜራውን ነቅንቆት ነበር። ካሜራው ራሱ ቆይቶ እንዲያነሳ አደረግኩት። በሦስተኛው ላይ፣ ሊያርፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ወፍራም መስመር አሰመረበት። ስሕተቱ የኔ ስላልነበረ በዚህ አልተናደድኩም።

አራተኛው ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ካሜራው ዓይኑን ከፈተ። ትንፋሼን ይዤ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ገና ግማሽ ሳልደርስ፣ ከጀርባዬ፣ ከራሴ ግድግዳ ላይ፣ የገዛ በረንዳዬ አምፖል በራ።

ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ከታች «ክብር ለጌታ!» ተባለ። ፎቶው እንደ ታጠበ አንሶላ ነጭ ነበር።

ለረጅም ጊዜ አምፖሉ ሥር ቆሜ ቀረሁ። የምድርን ዙረት አስልቻለሁ፤ የሌንሱን ስፋት አስልቻለሁ፤ ጨረቃ የማትኖርበትን ሳምንት አውጥቻለሁ። ማብሪያውን ግን አላጠፋሁትም። እዚህ ከተማ ያደገ ሰው መብራት ሲጠፋበት ማብሪያውን አይነካም፤ እንደበራ ይተወዋል፤ መምጣቱን የሚነግረው ሌላ ነገር የለውማ። አባቴ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ እኔም ሳላስበው እንደዚያ አደርጋለሁ። የሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁበት አገር መብራት ስለማይጠፋ ይህን ልማድ የሚያርም ትምህርት አልሰጡኝም። ዘወር ብዬ የራሳችንን ብሎክ አየሁት፤ እያንዳንዱ በረንዳ፣ እያንዳንዱ የደረጃ አምፖል ቦግ ብሎ ነበር። አንዱም ቤት አላጠፋም። ሁላችንም በጨለማ ውስጥ ተቀምጠን፣ አፋቸውን ከፍተው በሚጠብቁ አምፖሎች ተከበን ነበር።

የራሴን ማጥፋት ቀላል ነው። የአራት ፎቅ በረንዳና ደረጃ ግን የኔ አይደለም። ብርሃኑ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ በተመለሰበት ሰከንድ ካሜራዬ ክፍት ከሆነ ከበታቼ ያለው በረንዳ ብቻውን ፎቶውን ያጠፋዋል። መፍትሔው አንድ ነበር፤ እሱም የምጠላው ዓይነት ነበር። ሰው መለመን።

በማግሥቱ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ አንኳኳሁ። ጎረቤቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዶክተር? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። መብራት ሲጠፋ የበረንዳሽን ማብሪያ እንድታጠፊልኝ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ አዳራሹን፣ ሳቁን፣ «ወረቀት ላይ» የሚለውን፣ አምፖሉን። አምፖሉ ላይ ስደርስ በሩን ተደግፋ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። የእሷን ሳቅ በእጅ ጀርባ የሚሸፍነው ነገር አልነበረም።

«የራስዎ መብራት! የራስዎ! እኔ እኮ ስጸልይ እንደዚያ በዝርዝር አላልኩም!» ዓይኗን ጠረገች። «ቆይ፣ ግን ተማሪዎ ሆኖ ነው እንደዚያ ያለዎት? በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

ነጠላዋን አነሳች። «ኑ፣ እንሂድ። ብቻዎን ቢሄዱ ማንም አይከፍትልዎትም።»

እውነቷን ነበር። በየቤቱ የሚከፈተው ለእሷ ነው፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጉዳዩን በአጭሩ አስረዳ ነበር። ሁሉም ተስማሙ፤ የመጨረሻው፣ ምድር ቤት ያሉት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ብቻ ቀሩ። ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ በር ላይ ሲቆሙም ስብሰባ የሚመሩ ይመስላል።

«ጥያቄው ተገቢ ነው» አሉ፤ «ሳይንስ ነው፣ አንቃወምም። ነገር ግን አፈጻጸሙ ላይ ጥያቄ አለኝ። ሁላችንም አጥፍተን ከተቀመጥን፣ መምጣቱን በምን እናውቃለን?»

ተከትለውን የወረዱት ጎረቤቶች እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አላሰበበትም ነበር።

«እኔ እነግራችኋለሁ» አልኩ። «ከበረንዳዬ ላይ ማዶው ብሎክ ሲበራ አያለሁ። ፎቶዬን እንደጨረስኩ መጣ ብዬ እጮሃለሁ። እስክጮህ ድረስ አታብሩ።»

«እርስዎ?» አሉ ሊቀመንበሩ። «እርስዎ ይጮሃሉ? እኔ በዚህ ደረጃ ላይ ደህና ዋሉ ብዬዎት መልስ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ነው።»

«አንዱ ለበዓል ነበር ጋሼ፣ አይቆጠርም» አለች ጎረቤቴ።

ደረጃው በሳቅ ተሞላ። ፊቴ አልተለወጠም፤ ለመለወጥም አልሞከርኩም። «እጮሃለሁ» አልኩ።

«እንግዲህ ከተስማማን ይሞከር» አሉ። «ካልጮሁ ግን ጉዳዩ በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ይነሳል።»

ስብሰባው ሊደርስ ሲል፣ ከእንግዲህ አይጠፋም ብዬ ባመንኩበት ምሽት፣ ጠፋ።

ልጆቹ «ጠፋ!» ብለው ከጮኹ በኋላ፣ ከዚያ በፊት በዚያ ብሎክ ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ሰማሁ። ከላይ ወደ ታች፣ ከቤት ወደ ቤት፣ ማብሪያዎች ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ተዘጉ። የጠፋ መብራት እየጠፋ ነበር።

«ሦስተኛ ፎቅ አጥፍቷል!» አለች ጎረቤቴ።

«ሁለተኛ ፎቅ፣ ድቅድቅ!» አለ አንድ ጎረምሳ።

«አንተ፣ ስልክህን ወደ ውስጥ አስገባ! ዶክተር ያይሃል!»

«ምድር ቤትና የደረጃው መብራት ተጠናቅቋል» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ሪፖርት ነበር።

የራሴን ማብሪያ በእጄ ዳሰስኩ። ጠፍቷል። እንደገና ዳሰስኩት።

አዳኙ ከባለፈው ምሽት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በጎኑ እንደተጋደመ ወጥቶ ነበር። አሁን ጣቶቼ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ኮከቡን ነጥብ አደረግኩት፤ ካሜራው ራሱ ቆይቶ እንዲያነሳ አዘዝኩት፤ እጄን አነሳሁ። የመጀመሪያው ፎቶ በስክሪኑ ላይ ሲመጣ ኮከቦቹ በመርፌ የተወጉ ይመስላሉ። ከመቀነቱ በስተቀኝ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል፣ ዓይኔ ያላየው ቀለም ያላት ሮዝ ጭስ ነበረች። አሥራ አምስት ሰከንድ ብዬ ነበር፤ አሥራ አምስት ሰከንድ በቃት።

ነገር ግን እዚያው ቆሜ፣ ስሌቴ ትክክል እንደሆነ በዓይኔ እያየሁ፣ የዚያን የቀድሞ ተማሪዬን ፊት አሰብኩ። በፎቶው ግርጌ ያለው ጥቁር ብቻ ነው። ይህ ጥቁር የትም ሊሆን ይችላል፤ ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ ከላምበረት አውቶቡስ የተሳፈረ ማንም ሰው የሚያመጣው ጥቁር። በከተማው ውስጥ መነሳቱን የሚመሰክርልኝ አንድም ነገር የለም። የማዶው ብሎክ ጣሪያ እንዲገባ ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ደገምኩ። ጣሪያውም ጥቁር ነው፤ ኮረብታ መሰለ። ሌላ አነሳሁ። ያም ኮረብታ ሆነ።

አንድ ተጨማሪ ልሞክር ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ካሜራው ዓይኑን ከፈተ። መቁጠር ጀመርኩ። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ማዶው ብሎክ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ መስኮቶቹም ከዳር እስከ ዳር ቦግ አሉ።

የእኛ ብሎክ ጸጥ ብሎ ነበር። አንድ አምፖል አልበራም። ከጀርባዬ ምንም አልመጣም፤ ከሥሬ ምንም አልመጣም። ካሜራው በጊዜው፣ በዝግታ፣ ዓይኑን ዘጋ።

ፎቶውን አየሁት። ከላይ አዳኙ ከእነ ደመናው ተጋድሟል። ከታች፣ በፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ቀጭን የወርቅ ጥልፍ የመሰለ የመስኮቶች መስመር አለ፤ አንደኛው በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ አንደኛው ላይ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ የዘረጋች ሴት። ሰማዩ የተያዘው በጨለማው ጊዜ ነው፤ ከተማው ደግሞ ለመግባት የበቃው በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ነው። በአንድ ፎቶ ላይ ሁለቱም። የመጀመሪያውን ምሽት ያበላሸብኝ ብርሃን አሁን ከተማውን ራሱን ምስክር አድርጎ አቆመልኝ።

«ዶክተር» አለች ጎረቤቴ ከታች፣ በሹክሹክታ። «ዶክተር፣ መጣ እንዴ? ማዶ እየጮሁ ነው።»

«ቆዩ» አልኩ።

«ፍሪዘሬ ግን!»

«ፍሪዘርሽ ይሠራል። መብራቱን ነው ቆዪ ያልኩሽ።»

«እንዴ፣ መጥቷል ማለት ነው?»

ሌላ ፎቶ አነሳሁ። አያስፈልገኝም ነበር። ያነሳሁት ብሎኩ በሙሉ በኔ ቃል ጨለማ ውስጥ እንደተቀመጠ ስለማውቅ ነው። በዩኒቨርሲቲው በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ይህን ያህል ሰው አንድ ቃሌን ጠብቆ አያውቅም። ደስታውን አልቸኮልኩበትም።

ከዚያ በረንዳው ላይ ተደግፌ፣ ድምፄ ምን ያህል እንደሆነ ሳላውቅ፣ «መጣ!» ብዬ ጮኽኩ።

ማብሪያዎቹ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ፤ ብሎኩ ከታች ወደ ላይ ፎቅ በፎቅ በራ፤ ሰውም ሁሉ፣ መብራት የመጣው ገና አሁን እንደሆነ ሁሉ፣ እልል አለ። «ጮኹ! ሰማችሁ? ጮኹ!» አሉ ሊቀመንበሩ።

ወደ ስብሰባው ብቻዬን አልሄድኩም። ጎረቤቴ ለእሑድ የምትለብሰውን ለብሳ ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ። «ያንን ተማሪዎን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። አልከለከልኳትም፤ ብከለክላትም ትመጣ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች።

ፎቶው በስክሪኑ ላይ ሲወጣ የቀድሞ ተማሪዬ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«በጣም ጥሩ ነው ዶክተር። የት ሄደው ነው ያነሱት?»

«ቡልቡላ። የተናገርኩት ቦታ።»

«ማለቴ ሰማዩን።»

«ሰማዩንም።»

መስኮቶቹን አየ፤ ደመናውን አየ፤ እንደገና መስኮቶቹን አየ። «አይቀየሙኝና፣ ሁለት ፎቶዎች ተገጣጥመው እንዳይሆን ነው የምጠይቀው። መብራቱ እንደዚህ ከበራ ኮከቡ እንዲህ ሊወጣ አይችልም።»

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር። ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። በኮምፒውተሩ ላይ ራሱ ከፈተው፤ ያልተነካውን ፎቶ ራሱ አጎላው፤ እጆቿን የዘረጋችው ሴት ጣቶች እስኪታዩ ድረስ። ከዚያ ብርሃኑ በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ብቻ እንዴት እንደገባ አስረዳሁ። ተማሪ እያለ እንደማደርገው፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል።

«ነገር ግን የራስዎ ሕንፃ መብራትስ?» አለ። «መብራት ሲመጣ የእርስዎም ይበራል እኮ።»

«አጥፉ ተባልንና አጠፋን!» አለች ጎረቤቴ ከኋላ፤ ቆማ ነበር። «የሦስተኛ ፎቁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ! መብራት መጥቶ፣ ማዶ ሰው እየጨፈረ፣ እኛ በጨለማ ቁጭ ብለን መጣ እስኪሉን እንጠብቃለን! አንተስ ማንን አስጠብቀህ ታውቃለህ?»

አዳራሹ ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ ላይ ማንም እጁን አፉ ላይ አልጫነም፤ የተሳቀበትም ሰው እኔ አልነበርኩም። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እሱም አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡን በሚገባ አየሁት።

ሲያልቅ ካርዱን ሊመልስልኝ መጣ፣ በሁለት እጁ ይዞ። ተማሪዎቹ ይህን እንዲያዩ ይፈልጋል፤ ትምህርት ክፍሉ መጥቼ ገለጻ እንድሰጥ ቢጋብዘኝ ፈቃደኛ እሆን እንደሆነ ጠየቀ።

ካርዱን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ፤ ዚፑን ዘጋሁ።

«እንመለከተዋለን» አልኩት።

ቃሉን አወቀው። ከፊቱ ላይ አየሁት።

እስካሁን እየተመለከትኩት ነው። ፎቶው በሊቀመንበሩ ጥያቄ በትልቁ ታትሞ ምድር ቤት ደረጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ነዋሪ ለእንግዳ ሲያሳይ «ይኸኛውን ያጠፋነው እኛ ነን» ይላል፤ በፎቶው ላይ የማይታየውን የራሱን ጨለማ እያመለከተ። እኔም በደረጃው ሳልፍ ሰላምታ እመልሳለሁ፤ ሁልጊዜ አይደለም።

ትናንት ማታ ደግሞ ጠፋ። ካሜራዬ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ሰማዩም ደመና ነበር። እንደዚያም ሆኖ ማብሪያዎቹ ከላይ ወደ ታች ቀጭ፣ ቀጭ ሲሉ ሰማሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማዶው ብሎክ በራ፤ ጩኸቱም ተሰማ።

«ዶክተር!» አለች ጎረቤቴ ከታች። «እናብራ ወይስ እንቆይ?»

ወደ በረንዳው ወጣሁ። ደመናው ምሥራቁን በሙሉ ሸፍኖት ነበር፤ አንድም ኮከብ አልነበረም።

«ቆዩ» አልኳቸው።